ሰባት ፍሬ ሽምብራ

እና ሦስተኛው ማነው ሲሉኝ ምን ልበል፣ ምን ልበል፣ ይህ አፍ እንደሆነ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ ደሃና ውስጥ ሰርግም ሆነ ተዝካር ያለ እኔ ጠላው ከጉሮሮ አይወርድም፣ አምና አንድ ዳስ ሙሉ ሰው ስቆ ስቆ ቋሚው ተነቅሎ ጣራው እስከ አምደወርቅ ገበያ በረረ፣ ገበያተኛው ደመና መጣ ብሎ እህሉን ሸፈነ፣ ያየ ሰው አለ፣ ዛሬ ግን በአባ ይሄይስ ቤት ቁርበት ላይ ተቀምጬ ምላሴ ጭነት እንደ ከበዳት አህያ ተኝታ አልነሳም ብላለች።

ሦስተኛው። ሦስተኛው።

ከፊቴ ሽምብራ ተደርድሯል፣ ሊበላ አይደለም፣ ዘር ሊቆጠርበት ነው። በግራ የይታየሽ አባቶች፣ ሰባት ፍሬ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው፣ አያቷ አባ ይሄይስ ስም እየጠሩ አንድ አንድ ፍሬ አኑረዋቸዋል። በቀኝ የኔ። እስከ ሰባት ቤት ካልተገናኘን ይታየሽ ሚስቴ ናት፣ ከሰባት ወዲህ ከተገናኘን እህቴ ናት፣ ሕጉ ይኸው ነው፣ አጭር ነው፣ እንደኔ አይዘባርቅም። የእናቴን ወገን አጎቴ ጌታሁን በኽምጣንጋ አወረደው፣ ትንፋሽ አልወሰደም፣ ሰባትን አልፎ አሥራ አንድ ሲደርስ፣ ይበቃሃል ጌታሁን፣ ኖኅ መርከብ ልታስገባን ነው፣ ብለው አባ ይሄይስ አስቆሙት፣ ከነይታየሽ ጋር የትም አልተገናኘም፣ እሰይ፣ አሁን ደግሞ የአባትህን ልጄ፣ አሉኝ።

አንድ፣ ግደይ። አባቴ ነው። ሁለት፣ ነጋሽ። አያቴ፣ ዓይኑን አላየሁትም፣ ስሙን ግን አውቃለሁ። ሁለት ፍሬ። ከዚያ ወዲያ ቁርበት ብቻ፣ ባዶ ቁርበት፣ የላም ጠጉር።

አላልኳችሁም፣ ይላሉ የይታየሽ አባት አቶ ምትኩ ከበሩ ጥግ፣ የማዶ ሰው አባቶቹን እዚያው ጥሎ ነው የሚመጣ። የማዶው፣ ስሜ ይኸው ነው፣ እናቴ እንግዳው ብላ አስጠመቀችኝ እንጂ አገሩ የማዶው ነው የሚለኝ፣ ግደይ ከተከዜ ማዶ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ሰቆጣ የሚያወርድ ነጋዴ ነበራ፣ ሰቆጣ ገበያ እናቴን ለተሥላሴን አየ፣ እሱ ከትግርኛ በቀር አያውቅ፣ እሷ ከኽምጣንጋ በቀር አታውቅ፣ አማርኛዋን ሁለቱም እየተደናቀፉባት ነው የሚሄዱ፣ እንዴት ተግባቡ ለሚል ሰው እኔን አሳዩት፣ መልሱ እኔ ነኝ። እዚህ የማዶው። ማዶ ስሻገር ደግሞ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአጎቴ ጋር ፍየል ልንሸጥ ተሻግረን ገበያው መሀል አንዲት ሴትዮ አንድ ቃል ከአፌ እንደ ሰማች፣ ወዲ ዋግ ዲኻ አለችኝ፣ የዋግ ልጅ ነህ ወይ፣ አዎ አልኩ፣ ከዚያ ገበያ እስከ አባቴ መንደር የአንድ ቀን መንገድ ነበር፣ አጎቴ እንሂድ ወይ አለኝ፣ እግሬን አመመኝ አልኩት፣ አላመመኝም። ተከዜ መሀል ጎጆ ልቀልስ እንዴ፣ አዞ ጎረቤቴ ይሁን፣ አዞስ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሳደበው። ሰቆጣ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው ብሔረሰብ አለኝ፣ ሁለት አልኩት፣ መስመሩ አንድ ነው አለኝ፣ እንግዲያው ጠበብ አድርገህ ጻፋቸው ተጠጋግተው ያድራሉ አልኩት፣ ወረፋው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እቤቴ ስገባ እንጀራው አልበላ አለኝ።

እህ ልጄ፣ ይላሉ አባ ይሄይስ፣ ጣታቸው ላይ ሦስተኛው ሽምብራ ይጠብቃል።

በጓዳው መጋረጃ ሥር አሥር የእግር ጣቶች አያለሁ። የይታየሽ ናቸው፣ በሺህ እግር መሀል አውቃቸዋለሁ፣ የዚያን ጊዜ፣ የመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በኔ ቀልድ ሲንፈራፈር እሷ ብቻ ዝም ብላ አየችኝ፣ እሷን ለማሳቅ ሁለት ዓመት ፈጀሁ፣ ተራራ ለመናድ እንኳ አንድ ክረምት ይበቃል፣ ጣቶቹ አሁን ይንቆራጠጣሉ፣ በል እንጂ ይላሉ፣ በል።

ወልደ ጊዮርጊስ! አልኩ።

ወጣ። ከየት እንደ ወጣ እንጃ። ወልደ ጊዮርጊስ ነዋ፣ አንበሳ በአሞሌ ጨው አናቱን ብሎ የገደለ፣ ሥጋውንም እዚያው ጨው የነካው ነው ብሎ ቋንጣ ያደረገ። ሳቅ፣ አንድ ፍሬ። አራተኛው ካሕሳይ፣ ተከዜ ሞልቶ በቅሎዋ ስትፈራ በትከሻው ተሸክሟት የዋኘ፣ በቅሎዪቱ ከዚያ በኋላ በእግሯ መሄድ አሳፍሯት ሞተች። ሳቅ፣ አንድ ፍሬ፣ አቶ ምትኩም ጥርሳቸው ብልጭ አለች፣ አሁን ጣፈጠኝ፣ አሁን በቅሎዋን ያገኘሁ እኔ ነኝ፣ ብሸመጥጥ ማን ይይዘኛል፣ ለአምስተኛው ደግሞ ወደ እነሱ ጠጋ ላድርገው፣ የማዶው አይበሉኝ፣ አምስተኛው አሥራተ ማርያም፣ እሱስ የዋግ ሰው ነው፣ ከወንድሙ ተቀያይሞ ተከዜን ተሻግሮ እዚያው የቀረ።

አባ ይሄይስ አልሳቁም።

ሽምብራው ከጣታቸው ወደቀ። ማን አልክ ልጄ። አሥራተ ማርያም። በምን ተቀያየሙ። እንጃ፣ በ... በበሬ ይሆን። በበሬ! በቀዩ በሬ! ብለው ሽማግሌው ተነሡ፣ እኒያ ሰው ሲነሡ ሁለት ሰው ነበር የሚደግፋቸው፣ ብቻቸውን ተነሡ፣ የቅድመ አያቴ ወንድም! ምትኩ ሰማህ፣ የጠፋው! መጣ፣ ልጁ መጣ፣ በልጅ ልጁ መጣ! አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፣ ጢማቸው እርጥብ ነው፣ አቶ ምትኩ፣ ሥር የለውም ያሉኝ አቶ ምትኩ፣ ትከሻዬን ይስሙኛል፣ ወንድሜ ይሉኛል፣ ሴቶቹ ከጓዳ እልልታውን ለቀቁት፣ ቤቱ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፣ አላጋነንኩም፣ ይህችን አላጋነንኩም።

እና ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው የኛ ብሎኝ አያውቅም፣ የለተሥላሴ ልጅ፣ የጨው ነጋዴው ልጅ፣ የማዶው፣ አሁን በአንድ ቃል የዋግ ሰው ሆንኩ፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ፍሬ አባ ይሄይስ ራሳቸው እያለቀሱ ያኖሩልኛል፣ ያሥራተ ማርያም አባት ክንፈ ሚካኤል፣ የክንፈ ሚካኤል አባት፣ እያሉ፣ ሰባት ፍሬ፣ ሙሉ፣ ከነመቃብራቸው ከነቤተ ክርስቲያናቸው፣ አያቶች በነፃ።

ከዚያ የአባ ይሄይስ ጣት ቆመ።

በግራ ስድስተኛው ፍሬ ላይ ቆመ፣ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ እዚያም ስድስተኛው ላይ ቆመ። ክንፈ ሚካኤል። ክንፈ ሚካኤል። እልልታው አንድ በአንድ እየወደቀ አለቀ። ስድስት ላይ ተገናኙ፣ አሉ ቀስ ብለው፣ እኔ አይደለሁም የከለከልኳችሁ ልጄ፣ ደም ነው፣ ይታየሽ እህትህ ናት። አጎቴ ጌታሁን በኽምጣንጋ በጆሮዬ፣ ከየት አመጣኸው፣ አለኝ፣ ከየት አመጣሁት፣ ከየት፣ ወይኔ፣ ከራሳቸው! አምና በዚያ ተዝካር፣ ዳሱ የበረረ ጊዜ፣ እኒሁ አባ ይሄይስ ጥግ ይዘው ስለ አንድ የጠፋ ሰው፣ ስለ አንድ ቀይ በሬ እያወሩ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር፣ እኔ ሰው አስቃለሁ ብዬ በግማሽ ጆሮ ሰማሁ፣ ግማሽ ጆሮዬ ሌባ ነው፣ የሰውዬውን አባት ሰርቄ ለሰውዬው አቀረብኩለት።

በመጋረጃው ሥር ጣቶቹ የሉም።

ዝም ብል ምን አለ። ዝም ብል ዘመድ አለኝ፣ አገር አለኝ፣ ለሠርግ እንደ ቀልደኛ ሳይሆን እንደ ወገን እጠራለሁ፣ አቶ ምትኩ ወንድሜ እያሉኝ፣ ይታየሽንም ሌላ ሰው ያገባታል፣ እኔም እህቴ ብዬ ሠርጓ ላይ አስቃለሁ፣ ዳስ አበርራለሁ፣ አይ፣ አይ፣ አይ፣ ይህማ።

ዋሸሁ፣ አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ምትኩ ጭናቸውን ይመታሉ፣ በዚህ ሰዓት እንኳ አይተወንም፣ ይላሉ፣ ጌታሁን ሳይቀር፣ እውነቴን ነው ስል ባሰባቸው፣ አባቴን ብዬ ስምል በሳቅ ያስለቅሳቸዋል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያሳቅሁት ሕዝብ ለአንዲት ቀን ዝም በልልኝ ብለው አይሰማኝም፣ ምን ላድርግ፣ አጎነበስኩና አሥራተ ማርያምን አነሣሁት፣ አፌ ከተትኩት። ቀጭ። ጥሬ ሽምብራ እንደ ድንጋይ ነው፣ አንድ መንጋጋ ሄደ። ሳቁ ቆመ። ክንፈ ሚካኤልን ቀጭ፣ ሰባተኛውን ቀጭ፣ አንበሳ ገዳዩን፣ በቅሎ ተሸካሚውን፣ ቀጭ ቀጭ፣ ሁለት ፍሬ ቁርበቱ ላይ ቀረ፣ ግደይና ነጋሽ። ከዚህ ወዲያ አላውቅም አባ፣ ስሙን እርስዎ ሲያወሩ ነው የሰማሁት፣ ያልኩትን ሁሉ የፈጠርኩት ነው።



እውነቱን ነው አባባ፣ ይላል ከጓዳ ድምፅ፣ የሷ ድምፅ፣ ሲዋሽ ጆሮው አይቀላም፣ አሁን እዩት። ሁሉም ጆሮዬን ያየዋል። ይነዳል ጆሮዬ።

አባ ይሄይስ ቁርበቱን ያያሉ፣ የጠፋ ሰው ያገኙበትን ቦታ፣ ባዶ ነው፣ አንድን ሰው ሁለቴ እንደ ቀበረ ሰው ነው የሚያዩት፣ ይህ ነው የሚበላኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻላል። እርስዎ አባ፣ ልል እጀምራለሁ፣ እጃቸውን ያነሣሉ። ዝም በል። በሁለት ፍሬ ሴት ልጅ አይሰጥም። አባትህ የማን ልጅ ነው ብትባል ማዶ የሚያውቅ ይኖራል፣ ተከዜ ሳይሞላ ተሻገር፣ ቆጥረህ ና። አምስት ሽምብራ ከእፍኛቸው ለቅመው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ፣ ጣቶቼን በጣታቸው አጠፉልኝ። መንገድ ላይ እንዳትበላቸው፣ ትላለች ከጓዳ፣ እና አንድ አጭር ሳቅ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁባት ያቺው ሳቅ።

አሁን ቁልቁለት ነው፣ ወደ አበርገሌ፣ ሙቀቱ ከታች እየወጣ ፊቴን ይልሰኛል፣ አምስቱ ፍሬዎች በጋቢዬ ጫፍ ተቋጥረዋል፣ እግሬ ይሮጣል፣ ሆዴ ወደ ኋላ ይስበኛል፣ አልመለስም እያለ የሚመለስ ሰው አረማመድ ነው ያለኝ። ግደይ በሰባ ሰባት፣ በዚያ ረኀብ፣ እህል ላምጣ ብሎ በሁለት በቅሎ ወጣ፣ በሁለት ሳምንት እመጣለሁ አለ፣ ይኸው ዘጠና ሦስት ግንቦት ነው። እስካልተሻገርኩ ድረስ ሰውዬው መንገድ ላይ ነው፣ በቅሎ ደክማበት ነው፣ ወንዝ ሞልቶበት ነው፣ ከተሻገርኩ ግን ወይ መቃብሩን ያሳዩኛል ወይ ሌላ ሚስት ሌላ ልጆች አስቀምጦ በር ላይ ወጥቶ ማነህ ይለኛል፣ ማን ልበለው። ወዲ ዋግ። የማዶው። የትኛው ማዶ፣ ከዚያ ሲታይ ማዶው እዚህ ነው።

ድንጋይ። ቀስ በል እንግዳው።

የወጣ ዕለት ጠዋት፣ አዎ፣ በቅሎዎቹ ሳይጫኑ፣ አንድ አሞሌ ላይ አስቀመጠኝ፣ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጫፉን ስልስ እጄን መታኝ፣ ወደይ አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ ስማኝ፣ አባቶችህን ላስቆጥርህ፣ ጣቴን በጣቱ እየያዘ፣ አንድ ግደይ፣ ሁለት ነጋሽ፣ ሦስተኛውን ጠራው፣ ስሙ በጆሮዬ አንድ ነገር፣ የፍየል ድምፅ ይመስል ነበር፣ እኔም ሜ አልኩ፣ ሜ፣ አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቀ፣ ጎኑን ይዞ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች፣ ሰው ሳሳቅ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እሺ ቀሪውን ስመለስ ብሎ ጣቴን ለቀቀው።

ስመለስ።

ወንዙ ይታያል፣ ገና ቀጭን ነው፣ አልሞላም፣ ጣቴን ልያዘው፣ አልስቅም፣ በዚህ ጊዜ አልስቅም አባቴ፣ አንድ ግደይ፣ ሁለት ነጋሽ፣ ሦስት፣