መሬት ያነሳት ልጅ

ሰርካለም አባቷን ያየችው በጎን ነው።

በአዲሱ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ እግሮቿን ተክላ፣ ገመዱ ወገቧን ይዟት፣ ሰውነቷን እንደ ተዘረጋ ክንድ ወደ አየሩ ለቅቃ ነበር። እንዲህ ስትቆም የሐይቅ ከተማ ከነገበያው በጎኗ ይነሳል። አስፋልቱ እንደ መሰላል ይሰቀላል፤ ባጃጆቹ ሰማያዊ ጥንዚዛ መስለው ይወጡበታል፤ ከቤቶቹ ወዲያ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ ጠብታ ሳያፈስ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። በዚያ መሰላል ላይ አንድ ነጭ ጋቢ ሲወጣ አየች። ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን ከወዲያና ከወዲህ ጥሎበታል። ከአጠገቡ ጥምጥምና መቋሚያ ይከተላሉ። ያን አረማመድ ከሺህ ሰው መካከል ትለየዋለች።

«ሙአዊያ!» ብላ ጮኸች። «ሳበኝ!»

የቡድኑን ገመዶች የሚያስርና የሚጠብቀው ሙአዊያ ከጣሪያው ጠርዝ አንገቱን አሰገገ። «ምን ሆንሽ? ገመዱ ነው?»

«አባቴ ነው!»

ጣሪያው ላይ እንደ ወጣች፣ መታጠቂያዋን ሳትፈታ፣ አምባሰል ወዳለችው እናቷ ደወለች። «እማዬ፣ አባዬ ሐይቅ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ደረሰ? ተመስገን» አለች አመተ ማርያም። «እኔ ነኝ የላክሁት። ልጅህ የምትሠራበትን ሕንጻ ሄደህ እይ አልሁት። ውሸት ነው?»

ሰርካለም ከጠርዙ ወደ ታች አየች፤ ጋቢው ወደ ሕንጻው ተቃርቧል።

«ጥምቀት ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ በስልኳ አሳየችኝ» አለች እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሰማይና በምድር መካከል ስትውረገረጊ አየሁሽ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ ግን ልጅቱን ደግመሽ አሳዪኝ አልኋት። ብነግረው አይመጣም ነበር። አንቺም ዛሬ ነገ ስትዪ ጊዜው ነጎደ። በሉ፣ እዚያው ተያዩ።» ስልኩ ተዘጋ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቃል ነበር። ሰርካለም ከአምባሰል ወደ አዲስ አበባ የሄደችው የሕንጻ ግንባታ ልትማር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤቷ አጠገብ ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ ወጣቶች በገመድ ታስረው ግድግዳ ላይ ሲሮጡ አየችና ፈዝዛ ቆማ ቀረች። በማግሥቱ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ደብተሯን ገልጣ አታውቅም ማለት ይቻላል። አባቷ በስልክ «አሁን ምን ላይ ነሽ ልጄ?» ባላት ጊዜ ለሥራዋ ስም አጣችለትና «ሕንጻ ላይ እየሠራሁ ነው» አለችው። አልዋሸችም። አባቷ ግን ቃሉን እንደ ምርጥ ዘር ተቀብሎ ዘራው፤ አበቀለው፤ አፈራው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ በማኅበሩ፣ በዕድሩ፣ «መሐንዲሷ ልጄ» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ይልቁንም መሪጌታ አብተው ባሉበት። የመሪጌታ ልጅ ደሴ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ በበሬም፣ በማሳም፣ በልጅም እየተፎካከሩ አብረው ያረጁ ወዳጆች ናቸው።

ነጠላዋን በመታጠቂያው ላይ ጠምጥማ ደረጃውን ወረደች። አባቷና መሪጌታ በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ይኼ ነው?» አላት አባቷ፤ ጉንጯን ስሞ ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ላይ ሄዷል።

«ይኼ ነው አባዬ።»

«የቱን ነው አንቺ የሠራሽው?»

«እኔ... ግድግዳው ላይ ነኝ።»

«ግድግዳውን!» ብሎ ወደ መሪጌታ ዞረ። «ሰማህ? ግድግዳውን በሙሉ!»

መሪጌታ ግን ግድግዳውን አልነበረም የሚያዩት። «ልጄ፣ ከነጠላሽ ሥር የሚያቃጭለው ምንድን ነው?»

«የሥራ ዕቃ ነው የኔታ።»

«መሐንዲስ ያለ ዕቃ ይሠራል እንዴ!» አለ አባቷ ቀድሟት።

በዚህ መካከል የሕንጻው ባለቤት ወይዘሮ መስኡዳ እንግዳ ለመቀበል ብቅ አሉ። የሙአዊያ አክስት ናቸው፤ ሕንጻው በዚያ ቀን ይመረቃል፤ ለምረቃው ግድግዳ ላይ ጭፈራ ይሁን ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ የእህታቸውን ልጅ ሥራ የሐይቅ ሰው ይይለት ብለው። አባቷ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እመቤት፣ ልጄን አምነው ይኼን የሚያህል ሕንጻ ስላሠሯት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወይዘሮ መስኡዳ ወደ ሰርካለም አዩ። ነጠላዋን አዩ፤ ቀለሙ እንዳይላጥ ብለው ራሳቸው ገዝተው ያደሏትን ወፍራም ካልሲ አዩ። ነገሩ ገባቸውና ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ልጅ አለችዎት» አሉ። «እኔ የለመንኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሮጥበት ቀለሜን እንዳትልጥብኝ።»

«ስትሮጥበት?» አሉ መሪጌታ።

ሰርካለም የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ሕንጻው ጎን ወሰደችው። ከዚህ በላይ ብትቆይ እውነቱን ሌላ ሰው ሊነግረው ነው። ያ ደግሞ ከውሸቱ ይብሳል።

«አባዬ፣ መሐንዲስ አይደለሁም።»

በአጠገባቸው አንድ ሰው ሁለት በግ እየነዳ አለፈ፤ አባቷ በጎቹ እስኪያልፉ ጠበቀ።

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«እጨፍራለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አዳራሽ ውስጥ?»

«አይደለም። እዚህ።» በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችው።

አባቷ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በዓይኑ ዳሰሰው። በረንዳ ፈለገ፤ መድረክ ፈለገ፤ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር ፈለገ። ያለው መስኮትና ቢጫ ቀለም ብቻ ነው። «የቱ ላይ ቆመሽ?»

«እሱው ላይ። በገመድ ታስሬ። እግሬ ግድግዳውን ይረግጣል፤ ራሴ ወደ መንገዱ ይሆናል።»

ዱላውን ተደገፈ። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። በመጨረሻ ሲናገር ግን በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። «ሰርኬ፣ መሬት አነሰሽ?»

አባቷ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ገበያተኛው መካከል ገባና ከዓይኗ ተሰወረ።

ደረጃውን ስትወጣ ጥያቄው አብሯት ወጣ። መሬት አንሷት ይሆን? በልጅነቷ በሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀርባት ነበር፤ ትከሻዋ ሊሄድ ሲል እግሯ ይቀራል፤ ዘልላ ሳትጠግብ መሬት መልሳ ትይዛታለች። ግድግዳው ላይ ግን አንድ ዝላይ በመጀመሩና በማለቁ መካከል ሰው ሊተነፍስበት የሚችል ቦታ አለው። ይህን ለአባቷ በምን ቋንቋ ትነግረዋለች?

«ይቅር ካልሽ ይቅር» አላት ሙአዊያ መታጠቂያዋን እየፈተሸ። «ለአክስቴ እኔ እነግራታለሁ።»

«አይቀርም» አለች። «ከመጣ አይቀር ይየኝ። ከሄደም የሄደው ዓይቶ ይሁን።»

«አብሽሪ» አለና ቀለበቱን ቆለፈላት።

ማርታ፣ አብራት የምትጨፍረው፣ ከወዲያኛው ጠርዝ እጇን አነሳች። ከታች ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና መሰንቆው በአምባሰል ቅኝት ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን ለባዶው አየር ሰጥተው ከጠርዙ ተነሱ። መንገዱ በአንድ አፍ «ኧረ!» አለ።

መጀመሪያ ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ልክ ከሰንበት ቅዳሴ እንደሚመለሱ ሴቶች፣ በግድግዳው ላይ ወደ ታች። ከዚያ ትከሻቸው መጣ። ከዚያ ሮጡ፤ በመስኮቶቹ መካከል እየተላለፉ፣ ነጫጭ ቀሚሳቸው ወደ ጎን እየተነፋ። ሽንኩርት የሚመዝነው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግማሽ አካሉን አውጥቶ ወደ ላይ እያየ ጡሩምባውን ረስቶ ተደገፈበት፤ ጡሩምባው አላቋርጥ አለ፤ የሰማው ግን የለም። ሰርካለም በጎን ከቆመው ሕዝብ መካከል ነጭ ጋቢ ትፈልጋለች። መሪጌታን አገኘቻቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው አፋቸው ተከፍቷል። ከአጠገባቸው ግን ማንም የለም።

ሄዷል፣ አለች በልቧ። እግሯ ግን ከምቱ አልወጣም።

«ሰርኬ!»

ድምፁ የመጣው ከታች አይደለም። ፊቷን ወደ ሰማይ መለሰች። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ የአባቷ ራስ ብቅ ብሏል። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ ነፋሱ ጋቢውን ይጎትተዋል፤ ሙአዊያ ከኋላው ወገቡን ይዞታል።

«አቤት አባዬ።»

«ውጪ!» አለ። ከዚያ ወደ ታች አየና ደነገጠ። «አይ፣ ውረጂ! ቆይ፣ ቆይ... ባለሽበት...» የትኛው እንደሚሻል ጠፋው።

ሰርካለም ሳቀች። ሳቁ ሊታዘዛት አልቻለም፤ ሆዷን ነቀነቀው፤ ገመዱንም ነቀነቀው። «ሥራ ላይ ነኝ አባዬ» አለችው። «ትንሽ ጠብቀኝ።»

ግድግዳውን ረግጣ ተወነጨፈች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙአዊያ ነው የነገራት። አባቷ መጀመሪያ «ይኼ ገመድ ይይዛታል?» ሲል ጠየቀ። «አብሽር አባባ፣ እንኳን እሷን መኪና ያነሳል» ቢለው አላመነም። «በእጄ ልንካው?» አለ። ሙአዊያ ካመነታ በኋላ «እንዳይጨብጡት፤ መዳፍዎን ብቻ ጣል ያድርጉበት» አለው። አባቷ ተንበረከከና መዳፉን ጣል አደረገ። ገመዱ ረገብ አለ፤ ከዚያ ተወጠረ፤ ደግሞ ረገበ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነ። «አሁን ተነሳች» አለ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ «አሁን አረፈች» አለ። ወደ ታች አላየም፤ አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። መሰንቆው ሲፋጠን ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሙአዊያ ጸሎት መስሎት ነበር። ጠጋ ሲል ግን ዘፈን ነው።

ሰርካለም ይህን ሁሉ አላወቀችም። ያወቀችው ራሱ ከጠርዙ ላይ መጥፋቱንና፣ ገመዱ ላይ የሆነ ቀላል ሙቀት የመሰለ ነገር መውረዱን ነው። ምናልባት ስሜቷ ብቻ ነበር። እሷና ማርታ ከሁለቱ ማዕዘን ተነስተው፣ ከመንገዱ በላይ በሰፊው ተላለፉ፣ ዞሩ፣ ደግመው ተላለፉ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወይዘሮ መስኡዳም ቀለማቸውን ረስተው አብረው እልል አሉ። እግሮቿ አስፋልቱን ሲነኩ ሕዝቡ ከበባት።

አባቷ ደረጃውን ወርዶ ሲመጣ መሪጌታ ቀድመውት ደርሰው ነበር። አባቷን ነው የጠበቁት። ሲደርስ በመቋሚያቸው አስፋልቱን ነካ አድርገው፣ «ዝናው፣ ይኼን ነው መሐንዲስ እያልህ ስትደብቀን የኖርኸው?» አሉት።

መውጫ በር ተከፍቶለታል። «ዓይን እንዳይበላት ብዬ ነው» ቢል ይበቃው ነበር፤ መሪጌታም ያምኑት ነበር።

አባቷ ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «አልደበቅሁህም» አለ። «እኔም ዛሬ ነው ያየሁት። መሐንዲስ ያልኋት እኔው ነኝ፤ እሷ አላለችም።»

መሪጌታ ወዳጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊስቁበት የሚችሉበት ጊዜ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ዓይነት ጊዜ። ከዚያ ወደ ሰርካለም ዞሩ። «አንድ ጊዜ እንኳ ከምቱ አልወጣሽም» አሉ። «ተጋድመሽ! እኔ መሬት ላይ ቆመው ምቱን የሚስቱ ደቀ መዛሙርት ናቸው ያሉኝ።»

አባቷ እጇን ያዘ፤ ሚኒባሱ ድረስም አልለቀቃትም። ቡድኑ ሐይቅ ያድራል፤ እሷ ለአንድ ቀን ከአባቷ ጋር ወደ ቤት እንድትሄድ ተፈቀደላት።

በውጫሌው ሚኒባስ ውስጥ ሦስቱ በአንድ ወንበር ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ እሷ በመካከል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ «ያቺ ናት!» ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። አባቷ ሰምቶ አንገቱን ቀና አደረገ። ከሐይቅ ወጥተው፣ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ፣ ያለወትሮው ዝም ብሎ በመስኮቱ ያያል። ሰርካለም ዝምታውን ልትነካው አልፈለገችም። ምን እንዳለበት አታውቅም፤ ሥጋት ይሆን፣ ቅሬታ ይሆን፣ ሌላ ነገር ይሆን።

ወደ ውጫሌ ሲቃረቡ የአምባሰል አምባ ብቅ አለ። ፀሐይ ከጀርባው ገብታለች፤ የገደሉ ፊት ሰማያዊ ጥላ ለብሷል፤ አናቱ ላይ ብቻ ቀጭን የብርሃን ክር ቀርቷል። ከሥር እስከ ጫፍ አንድም ጎድጓዳ፣ አንድም ዛፍ የለበትም። ልሙጥ ነው።

መሪጌታ በእሷ በኩል አሻግረው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይኼ የእኛ ገደል...» ብለው ጀመሩ።

«መሪጌታ፣ ዝም በል» አለ አባቷ።

«ምን አልሁ?»

«ልትል ያሰብኸውን አውቄዋለሁ። ዝም በል።»

መኪናው ጥምዝ ዞረ፤ አምባው ወደ ሌላው መስኮት ተሻገረ፤ በቀጣዩ ጥምዝ ወደ አባቷ መስኮት ተመለሰ፤ ሦስቱም አንገት አብሮ ዞረ። የሰርካለም ጣቶች በጫማዋ ውስጥ ሳታዝዛቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ድንጋዩ ለእግር ሻካራ ይሆን? ነፋሱስ ከየት በኩል ይመጣ ይሆን? ዝላዩ ከዚያ ላይ ቢነሳ ለመመለስ ምን ያህል ይቆይ ይሆን?

አባቷ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ገደሉን ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካው። ደግሞ ለካው። ትንፋሹ መስተዋቱን ሸፈነበትና በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

«ሰርኬ» አለ፣ ሳይዞር።

«አቤት አባዬ።»

«ገመዱ ይደርሳል?»