የአሰልጣኙ ባርኔጣ

«ባርኔጣቸውን ከፍ ሲያደርጉ ወዲያው ገባኝ! ኳሱን አቅፌ በግራ በኩል ነጎድኩ!» አለ የድሮው ተጫዋች ሃስኬል፣ አፉን በፖም ኬክ ሞልቶ።

ኦርፋ ትራስክ ይህን ወሬ ከትናንት ጀምሮ ስትሰማ አምስተኛ ጊዜዋ ነው። የባሏ አስከሬን ሳሎን ውስጥ ፒያኖው አጠገብ ተጋድሟል። የድሮ ተጫዋቾቹ ወጥ ቤቷን ሞልተው ቡናዋን ይጠጣሉ፤ እያሞገሱም አጭበርባሪ ያደርጉታል።

ባሏ ኤልበርት ወደዚህ የኦሃዮ ኮሌጅ የመጣው ግሪክኛ ሊያስተምር ነበር። ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካ ፉትቦል ማሰልጠን የያዘው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ያዘው። የሜዳውን ሣር ራሱ ያጭድ፣ ማልያውን እሷ ታጥብ ነበር። ያኔ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ አሰልጣኝ በቃልም ሆነ በምልክት ማዘዝ ክልክል ነበር። ሌሎቹ አሰልጣኞች በስውር ለማዘዝ ያስላሉ፣ መሐረብ ያውለበልባሉ። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዴማ አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ከእሱ የሰማውን ሜዳ ገብቶ ለጓደኞቹ ሲያንሾካሹክ አየና ራሱ ሄዶ ለዳኛው ተናገረ። ተቀጡ፤ ተሸነፉ። ኦርፋ ተናዳ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው።

«ነገ ለቀብሩ ቤተ ክርስቲያን የምናገረው ይህንኑ ነው» አለ ሃስኬል። «ባርኔጣቸውንም ኮሌጁ በመስታወት ሣጥን ሊያስቀምጠው...»

«ሃስኬል፣ ያ ምልክት አልነበረም።»

«ኧረ ወይዘሮ ትራስክ! በዓይኔ አይቼ?»

«የእናንተን እራት ስሠራ ቆይቼ ሁልጊዜ የምደርሰው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነበር። በግራው በር ስገባ ባርኔጣውን ያነሳልኝ ነበር። ለእኔ ሰላምታ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሃስኬል ሹካውን አስቀመጠ።

«ታዲያ ያን ቀን ማን አሸነፈልን?»

«እኔ ምን አውቄ? እግርህ ይሆናል!»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው። ሃስኬል ግን ፊቱ ቀልቶ ጠረጴዛውን አየ።

«ለዳኛው የነገሩበት ተቀያሪ እኔ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «እስከ ዛሬ አፍሬ ለማንም አላወራሁትም። እሱን ልናገር?»

«እሱን ተናገር» አለችው። ድምጿ ተሰበረ፤ በዚህም ተናደደች።

ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዳ ማንም እንዳይነካባት ራሷ ላይ ደፋችው። ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ ወረደ። ብቻዋን ወደ ሳሎን ገባች፣ ፒያኖው አጠገብ ቆመች።

«ዘገየሁ አይደል?» አለችው።

ባርኔጣውን ከፍ አደረገችለት።