የስጦታ ጉሮሮ

ጤናዬ ከበየዳ ደባርቅ ድረስ የወረደችው ንዴቷን ስንቅ አድርጋ ነው። ያን መምህር ልክ ልኩን ልትነግረው።

ልጇ ስጦታ እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች ደባርቅ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤት እየወሰደች ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን መኝታዋን ጠቅልላ መጣች። «ከእንግዲህ አልማርም» አለች፤ ለምን ቢሏት ዝም። ነገሩን ያወጣችው አብራት የምትማረው የአክስቷ ልጅ ናት።

የእንግሊዝኛው መምህር ዓለምብርሃን ጆሮ የሚያስጨንቁ ድምፆችን ስም እያስተማረ ነበር። ሰውየው ቃል ይወዳል፤ አንዱን ቃል ከያዘ የትውልድ አገሩን ሳይናገር አይለቅም። ስክሪች ብሎ ጻፈ፤ ጩኸቱን ራሱን በማስመሰል የወጣ ነው አለና ሰሌዳውን በጥፍሩ ፋቀላቸው። ግሬት ብሎ ጻፈ፤ በፈረንሳይ በኩል የመጣ፣ መፋቅ ማለት ነው አለና የወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር አስታወሳቸው። ራከስ ላይ ሲደርስ ከላቲን ነው፣ የሻከረ፣ የጎረነነ ድምፅ፣ አለና ምሳሌ አጣ። ወዲያ ወዲህ ሲያይ ቆይቶ፣ «ለዚህስ ስጦታ አለችልን። እስኪ ተነሽና አንብቢ» አላት።

ምስኪን፣ ለምን እንደ ተጠራች እንኳ ሳይገባት ተነሥታ አነበበች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀና «በቃሽ» ብሎ ገጹን ሳትጨርስ አስቀመጣት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል፤ የእሷ ግን ከሰሌዳ ወጣና ከተማው ተቀበለው። ገበያ ስትወጣ ራከስ፣ ውኃ ስትቀዳ ራከስ።

ጤናዬ የልጇን እጅ ይዛ መምህራን ማረፊያ ገባች። ዓለምብርሃን ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«ልጄን ማን ብለው ሰየሙልኝ?»

«እናቴ፣ ስድብ እኮ አይደለም። መነሻው ላቲን ነው፤ ጉሮሮው የሻከረ ለማለት ነው። ቃል ከየት እንደ መጣ ካወቁ…»

«የቃሉን አገር ጠይቀዋል። የልጄ ድምፅ ከየት እንደ መጣስ ጠይቀዋል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«አባቷ ገዱ በሬ ሲመልስ ገደል ገባ። ከማዶ በቀር በአካባቢያችን ሰው የለም። እኔ ወደ ገደሉ ወረድሁ፤ እሷን አፋፉ ላይ አቁሜ ‹ሰው እስኪመጣ ጥሪ› አልኋት። ነፋሱ ድምጿን ይበላዋል፣ እሷ ትጠራለች። የማዶዎቹ ሰምተው ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ ደም ትተፋ ነበር። እሱ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ድምጿም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በአገራችን በዚህች ልጅ ድምፅ የሚስቅ የለም።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «አላወቅሁም ነበር» አለ። «ዛሬውኑ ክፍል ገብቼ ታሪኳን እነግራቸዋለሁ። ሁሉም ያዝንላታል።»

የጤናዬ ንዴት በረድ አለ። «እግዜር ይስጥልን» ልትል ስትል ስጦታ እጇን መነጨቀቻት።

«አይነግሩም» አለች፤ ያው ሻካራ ድምጿ በንዴት ይንቀጠቀጣል። «ባያውቁስ? አባቴ ገደል ባይገባ፣ ድምፄም ከእናቴ ማኅፀን እንዲህ ሆኖ ቢወጣ፣ ሊሳቅብኝ ይገባ ነበር ወይ?»

ጤናዬ ፊቷ ተቃጠለ። ቁጣ ብላ ይዛው የመጣችው ነገር ለካ ልመና ኖሯል፤ የገዱን ሞት እንደ ለማኝ ነጠላ ዘርግታው ነበር። በራሷ አፈረች፤ በመምህሩም ላይ አዲስ ንዴት መጣባት።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» አለ መምህሩ።

«ሳልጨርስ ነው ያስቀመጡኝ። ገጹን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ልጆቹ ይሳቁ፤ እርስዎ ግን አይስቁም።»

ደወል ተደወለ። ስጦታ ቀድማ ወጣች፣ መምህሩ ተከተላት። ጤናዬ ከክፍሉ መስኮት ሥር ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። የልጇ ድምፅ ተነሣ፤ ወዲያው ሳቅ ተከተለው። ድምፁ አልቆመም። ሳቁ ሲደክም እሷ ገና እያነበበች ነበር።