ጫንሁት

ባለቤቴ የትነበርሽ ከቆጥ ወድቃ ደረቷ ተጎዳ። ከአይከል ወደ ከተማ በማኪና ስናመጣት ትንፋሿ እያጠረ ነበር።

አራዳ ያለው ክሊኒክ ሐኪም፣ «የትኛው ጎኗ እንደሆነ በራጅ ሳላይ ደረቷ ውስጥ ቱቦ አላስገባም» አለ። የራጁ ኮምፒውተር ደግሞ ከጧት ጀምሮ አልነሳም ብሏል። የከተማው መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ የግማሽ ሰዓት ነው፤ ጥበቃው ፍለጋ ወጥቷል።

ኮምፒውተር ጠጋኟ ሰሚያ ከጎረቤት ሱቅ መጣች። ሲስተሙን እንደገና መጫን አለባት።

«ስንት ይፈጃል?» አልኋት።

«እንደ ወትሮው ቢሆን አንድ ሰዓት፣ አያ። ፍላሹ ቀርፋፋ ነው። እኔ ግን ፋይሉን ጨምቄዋለሁ፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይነበባል። መጀመሪያ ሚሞሪው ላይ ይፈታል፣ ከዚያ ዲስኩ ላይ ይሰፍራል። ዐሥር ደቂቃ።»

«ምነው ይበልጥ አትጨምቂውም?»

«አጥብቄ ካሰርሁት መፍታቱ ጊዜ ይበላል። ጭነት አስረው አያውቁም?»

ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም።

«ሚሞሪው መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ጄኔሬተሩ ዘንድ ይቁሙ። ዲስኩ ላይ ሰፍሮ ሲያልቅ ‹ጫኑት› እልዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ያጥፉት። ባለቤትዎን ለራጁ እስክናዘጋጃት ነዳጁን እንቆጥብ።»

እጄን ቁልፉ አጠገብ አድርጌ ቆምሁ። ጄኔሬተሩ ጆሮ ያደነቁራል። በመስኮቱ የየትነበርሽ ነጠላ ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ተጫንሁት። ጸጥ አለ።

ሰሚያ እየሮጠች ወጣች። «ምነው አጠፉት?»

«ጫኑት አልሽኝ።»

«‹ጫንሁት› ነው ያልሁት! ሚሞሪው ላይ ጫንሁት ብዬ ለነርሷ ስነግራት ነው! ሁሉም ጠፋ!»

የነዳጁን ክዳን ከፍቼ ጎንበስ አልሁ፤ የታንኩ ወለል ይታያል። ገመዱን ሳብሁ። በሦስተኛው ተነሳ። ሰሚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች።

አሁን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። ነጠላው መነሣቱ እየዘገየ ሄደ።

«ጫኑት!»

አልነካሁትም።

«ጫኑት እኮ ነው የምልዎት፣ አያ አድማሴ!» በሩ ድረስ መጣች። «ዲስኩ ላይ ሰፍሯል፣ አልቋል!»

«አላጠፋውም። ቢጠፋ አይነሳም። አሁኑኑ ራጁን አንሷት።»

ነዳጁን አየች፤ እኔን አየች፤ ገባች።

ሐኪሙ «ትንፋሽ ያዢ» ሲላት ሰማሁ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ቆመ።

«ሳይጠፋ አይቻለሁ፤ በግራ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቱቦውን አምጡ።»

ነርሷ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ሳበችው። ነጠላው አይታየኝም። እጄን አልፈታሁም።