እትዬ ሃሎና «ሆልድ ኦን»

በዱቄት ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ማህደሯን የሚይዘው የቢሮ ሰው ብቻ ነው የሚገኘው። ለሌላው ሁሉ እትዬ ሃሎ ናት። ዋናው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣ አስራ ዘጠኝ ዓመት «ሃሎ!» ስትል ኖራ፣ ቤቷም በር ሲንኳኳ «ሃሎ!» ማለት ጀምራለች። አንዴማ ጎረቤቷ ደህና አደርሽ ስትላት «የትኛውን ክፍል ላገናኝዎት?» አለች ብለው ያሟታል። እሷ «ስም ማጥፋት ነው!» ትላለች። አላለችም ብሎ የሚምልላት ግን አልተገኘም።

ታዲያ ይቺ ሴት፣ ድምፅ ሰምታ የደዋዩን ጠባይ የምትናገር ሴት፣ አንድ ቀን በገዛ ስልኳ ፊት ላብ በላብ ሆነች። ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስመጥቶ ነበር። ከማሽኑ ጋር ደግሞ ገጣጣሚው ከባሕር ማዶ መጣ፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማይናገር ጎልማሳ ነው። ገና በሩን ሳያልፍ ሠራተኛው «ጢሞ» ብሎ ስም አወጣለት። ጢሞ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ደወለ፤ እትዬ ሃሎም አራቴ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የጥገና ኃላፊው እየሳቀ መጣ።

«እትዬ፣ ምነው ሰውየውን? ሲደውል እኮ እኔን ነው የሚፈልገው። ጠብቅ ብለሽ ወደ እኔ ማሳለፍ ነው፣ በቃ።»

«በምን አፌ?» አለችው።

እዚያው ማታ፣ እራት ላይ፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጇን ያዘቻት። «ስሚ፣ አንድ ነገር ብቻ አስተምሪኝ። አንድ! ግን የማይከዳኝ ይሁን።»

ልጅቷ አሰብ አደረገችና «ሆልድ ኦን ፕሊስ» አለቻት። «ትንሽ ይጠብቁ ማለት ነው።»

«ሆልድ ያዝ አይደል እንዴ? ይቺንማ አውቃታለሁ።»

«ሆልድ ብቻውን ያዝ ነው። ኦን ብቻውን ላይ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጠብቅ ይሆናሉ።»

«ያዝና ላይ ተጋብተው ጠብቅን ወለዱ?»

«አዎ እማ።»

«ወይ ጉድ! ልጁ ማንን መስሎ ነው?» አለችና እየሳቀች ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሰላም አላገኘም። ወተቱ ሊገነፍል ሲል «ሆልድ ኦን!» ትለዋለች፤ ወተቱ እንግሊዝኛ አይሰማምና ምድጃውን አጥለቀለቀው። ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ለምሳ ብቅ ሲል የሚጠብቀው «ሆልድ ኦን ፕሊስ፣ ሰር» ሆነ። «እንግሊዝኛ ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት ምሳ ዘገየ» እያለ ደንበኞቹን ያስቅባታል። እሷ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ። በሦስተኛው ቀን ጢሞ ሲደውል አንድም ሳትንተባተብ፣ በዚያች ለእንግዳ በምታወጣት ለስላሳ ድምጿ «ሆልድ ኦን ፕሊስ፣ ሰር» አለችውና አገናኘችው። «ታንክ ዩ» አላት። ደስታዋን ምን ልበላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም ማለት ይቻላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ማዞሪያው ላይ መብራቷ ብልጭ አለች። ጢሞ ነው። እንደ ወትሮው የጥገና ኃላፊውን ጠየቀ። «ሆልድ ኦን ፕሊስ፣ ሰር» አለችና ጣቷን ወደ ቁልፉ ላከች።

ጣቷ ሳይደርስ ብረት ከብረት ሲላተም ሰማች። ቀጥሎ ጩኸት። ከዚያ ከሩቅ፣ ከታች፣ የሆነ ነገር መሬት ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ዝም።

«ሃሎ?» አለች። ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ የሰው ትንፋሽ፣ ያውም የተቆራረጠ። ወዲያው እንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ወረደባት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለት ቃል ለቀም አደረገች፤ «ሲሎ» እና «ሄልፕ»። ክው አለች።

ሲሎው ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው፤ ቁመቱ ሠላሳ ሜትር የሚሆን፣ በስሚንቶ የተሠራ ክብ የእህል ጎተራ። ያን ሳምንት ባዶ ነበር። ጢሞ ለመለካት ከላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ በግድግዳው የብረት መሰላል ይወርድ ነበር፤ ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ። መሰላሉ ከእግሩ ሥር ተገንጥሎ ወደቀ። የቀረው ከላይ ያለችው አንድ ብረት ናት፤ እሷን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የአንድ ጫማውን ጫፍ ግድግዳው ላይ በቀረ ብሎን አስደግፎ ተንጠልጥሏል። ይኼን ሁሉ በኋላ ነው የሰማችው። ያኔ የገባት ሰውየው ሲሎው ውስጥ እየሞተ መሆኑ ብቻ ነው።

መስመሩን ወደ ጥገና ብታሳልፈው ያቺ ቲን ቲን የምትለው የማስጠበቂያ ዘፈን ጆሮው ላይ ልትጀምር ነው። እንዴት አድርጋ! በግራ እጇ የራሷን ሞባይል አውጥታ ኃላፊውን ጠራችው። «ጢሞ ሲሎ ውስጥ አደጋ ላይ ነው! ገመድ! ገመድ ይዛችሁ ውጡ! ቶሎ በሉ በፈጠራችሁ!» ኃላፊው መልስ እንኳ ሳይሰጥ ሩጫውን ሰማችው።

አሁን እሷና ትንፋሹ ብቻቸውን ቀሩ። ምን ትበለው? አስራ ዘጠኝ ዓመት በአፏ ሠርታ የኖረች ሴት ቃል አጣች። እየመጡ ነው ልትለው ፈለገች፤ አታውቀውም። ወንድሜ ልትለው ፈለገች፤ እሱንም አታውቀውም። አፏ ውስጥ ያለችው አንዲት ነገር ናት።

«ሆልድ ኦን ፕሊስ፣ ሰር» አለች። ያውም በለስላሳዋ ድምጿ! ሰው ነፍሱ ልትወጣ፣ እሷ ቀጠሮ እንዳለው እንግዳ ትንሽ ይጠብቁ ትለዋለች። እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ግን ትንፋሹ መለስ አለላት። ስለዚህ ደገመችው። «ሆልድ ኦን፣ ሰር። ሆልድ ኦን።» የግድግዳው ሰዓት ሦስት ደቂቃ አለ፣ አምስት አለ። ከሲሎው ውጭ ያለውን ደረጃ ሰዎች ሲወጡ በመስኮት ታያቸዋለች፤ ጉንዳን ናቸው፣ አይደርሱም።

«ኖ» አለ ጢሞ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ። «ኖ… ኖ…»

ኖን ታውቃለች። ያኔ ተነስታ ቆመች። ፕሊሱም፣ ሰሩም ቀረ። «ምን ኖ ትለኛለህ! ሆልድ ኦን!» ብላ ጮኸችበት። «ሆልድ ኦን! ሰማኸኝ? ሆልድ ኦን!» ዘበኛው ደንግጦ በሩን ከፈተ፤ በእጇ ወዲያ በል አለችው። ድምጿ እስኪሻክር፣ ጉሮሮዋ ደም ደም እስኪላት ጮኸች። በጠራችው ቁጥር ትንፋሹ «እህ» ይላታል። በአስራ አንደኛው ደቂቃ ከዚያው ማዳመጫ ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የኃላፊው ድምፅ ነው፣ «ገመዱን! ገመዱን በወገቡ አስገባ!» የሚል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ተርፏል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ነገራት። እሷ ጆሮዋ ላይ የያዘችውን የስልክ እጀታ ገና አላስቀመጠችም ነበር።

በማግስቱ ፋብሪካው ሌላ ወሬ የለውም። የጢሞ ክንድ ተወራ፣ የኃላፊው ገመድ ተወራ። እትዬ ሃሎ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጣል። ማታ ባሏ «ምነው ዝም አልሽ?» ሲላት «ደክሞኝ ነው» አለችው። ምን ብላ ትናገር? ሰው ሊሞት ሲል ትንሽ ይጠብቁ አልኩት ትበል? በሆዷ ያዘችው። ምን ሆና እንደሆነ ማንም አላወቀምና፣ አንድም ሰው አይዞሽ አላላትም።

በአራተኛው ቀን ጢሞ ራሱ መጣ። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ኃላፊውን ለአስተርጓሚነት ይዞ ክፍሏ በር ላይ ቆመ። እትዬ ሃሎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

«ይቅርታ በልልኝ» አለችው ለኃላፊው። «ሌላ ቃል አላውቅም ነበር። ያን ያህል ሰዓት ተንጠልጥሎ ትንሽ ይጠብቁ፣ ትንሽ ይጠብቁ ስለው… አላገጠችብኝ እንዳይል።»

ኃላፊው ግራ ገብቶት ተረጎመለት። ጢሞ የበለጠ ግራ ገባው። ከዚያ ቀስ እያለ ብዙ ነገር ተናገረ። ኃላፊው ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ» አላት፣ «ጠብቅ አይደለም እኮ ያልሽው። ያዝ ነው ያልሽው። አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትለቅ ነው። ቃሉ ሁለቱንም ነው፤ ስልክ ላይ ጠብቅ ይሆናል፣ ገደል ላይ ያዝ ይሆናል። ሰው ሲጨንቀው ደግሞ ጽና፣ ተስፋ አትቁረጥ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጣቶቼ ሊለቁ ነበር ይላል። ሁለቴም እንዳትለቅ ብላ አዘዘችኝ ይላል። መጨረሻ ላይ ስትቆጪው እናቱ የተቆጣችው ነው የመሰለው።»

እትዬ ሃሎ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ ቃል! ወተት ስታስገነፍል፣ ባሏን ስታስርብ የከረመችባት ቃል! ለመሆኑ ውስጧ ይኼ ሁሉ ሲኖር እንዴት ዝም ብላ ተቀመጠች? እትዬ ሃሎ ሳታውቅ ቃሏ ታውቅ ነበር። ጢሞን ሠላሳ ሜትር አየር ላይ የያዘችው ያቺ ቃል መሆኗን ስታስብ ፍርሃት ፍርሃት አላት፤ ትልቅ ነገር ፊት ሲቆሙ የሚመጣው ዓይነት ፍርሃት። የስልኩን እጀታ አየችው። ተራ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

ጢሞ ሌላ ነገር ጠየቀ። «በእናንተ ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል አለ ወይ ይላል።»

«ጠብቅ በለው» አለች፤ ወዲያው ተወችው። «ያዝ… አይ፣ እሱም አይሞላም።» ቆየችና ፊቷ ፈካ። «አይዞህ! አይዞህ በለው!»

«እትዬ፣ አይዞህ እኮ ጠብቅ አይደለም።»

«አንተ ዝም ብለህ ያልኩህን ንገረው!»

ጢሞ ደጋግሞ ሞከረው። መጨረሻዋ «ህ» አስቸገረችው እንጂ ያዛት። በማግስቱ ለሕክምና ወደ አገሩ ተሳፈረ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የእትዬ ሃሎ እጅ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም፤ መብራቷ ብልጭ ስትል አሁንም ይርዳል። ያ የብረት ድምፅ በየስልኩ ውስጥ የሚጠብቃት ይመስላታል። ስራውን ልተወው ይሆን ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷን። አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ፤ አነሳችው።

«ሃሎ?»

«ሄሎ! እትዬ ሃሎ!» ከሩቅ፣ ከባሕር ማዶ። ጢሞ ነው! ስለ ማሽኑ አንድ ቁጥር ሊሰጥ ኖሯል የደወለው፤ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ግን ጠፋበት። ወረቀት ሲገላበጥ፣ መሳቢያ ሲከፈት ይሰማታል። እንድትጠብቀው ሊነግራት ፈለገና ያቺን በኩራት የያዛትን ቃል አወጣት።

«አይዞህ!» አላት። «እትዬ ሃሎ፣ አይዞህ ፕሊስ!»

ለሴት አይዞሽ ነው የሚባለው ልትለው ነበር። ስልክ ላይም እንዲህ አይባልም ልትለው ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳግ ነው። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ማንም ያላላትን፣ እሷም ማንንም ያልጠየቀችውን፣ ሰውየው ትንሽ ጠብቂኝ ሊል ፈልጎ አላት። እንባዋ ማዞሪያው ላይ ወረደ። እጇን አየችው፤ መንቀጥቀጡ ቆሟል።

«እሺ ወንድሜ» አለችው በራሷ ቋንቋ፣ እጀታውን ጠበቅ አድርጋ። «ይዣለሁ።»