ጥቁር ስክሪንና አምስት አምፒር

ማራገቢያው ይዞራል፣ የሳጥኑ መብራት ሰማያዊ ያበራል፣ ስክሪኑ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀርቷል። ሱሃ ካቻቢቴውን በጥርሷ ነክሳ የስክሪኑን ገመድ ነቀለች፣ አፉን እፍ አለችበት፣ መልሳ ሰካችው። ምንም።

ኮምፒውተሩን የገጣጠመችው ዛሬ ጠዋት በሳሎኑ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዕቃዎቹ እዚህ ከሱቅ አልተገዙም። አቢጃን የሚኖረው ወንድሟ ነዚህ ከዚያ ወደ ቤይሩት ለሚመለስ ሰው ሁሉ አንድ አንድ እያስያዘ፣ አንዱ በአንዱ ሻንጣ፣ ሌላው በሌላው፣ በካልሲና በፎጣ ተጠቅልለው ነው የገቡት። "ተበላሽቷል" ብለው የሚመልሱበት በር የለም።

ከተመረቀች ወዲህ አርክቴክቷ ሱሃ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ስታስጠና ነው የኖረችው። አሁን ዱባይ ያለ አንድ ቢሮ ቃለ መጠይቁን አሳልፏታል። የቀረው አንድ ፈተና ነው፦ ከላኩላት የሕንፃ ንድፍ፣ ፎቶ የመሰለ አንድ ምስል አውጥታ ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መላክ። አሮጌው ላፕቶፗ ፋይሉን ልክፈት ባለ ቁጥር ራሱን ይስታል። ይህ አዲሱ ካልሠራ፣ ነገ ደግሞ ወደ ክፍልፋይና ወደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው።

የአጎቷ ልጅ ሐይሰም ሶፋው ላይ ተንጋሎ ያያታል። ጌም የሚጫወትበት ትልቅ ኮምፒውተር ስላለው ብቻ ቤተሰቡ ሊቅ አድርጎ ሾሞታል።

"ቢጫዋን መብራት አየሻት?" አለ ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ወደበራች ነጥብ እየጠቆመ።

"ከጠዋት ጀምሮ እያየኋት ነው።"

"እሷ ከሚሞሪው አጠገብ ናት። ስለዚህ የሞተው ሚሞሪው ነው።"

"ቅድም የሞተው ግራፊክስ ካርዱ ነው አላልክም?"

"ቅድም ቢጫዋን ልብ አላልኳትማ።"

"ከዚያ በፊት ደግሞ ፓወሩ ነበር።"

"ዘወር ባልሽ ቁጥር ራሱን ያጠፋል ያልሽው አንቺ ነሽ። ራሱን የሚያጠፋ ነገር ፓወሩ ነው። ሐኪምም እኮ መርምሮ ነው የሚናገረው።"

"ሐኪም በየደቂቃው ሬሳ አይቀይርም።"

ሁለቱን ሚሞሪዎች ነቀለቻቸው። አንዱን ብቻ ሰክታ አበራች፤ ቢጫዋ በራች፣ ስክሪኑ ጨለመ። ትንሽ ጠበቀች። የሱሃ ትንሽ ደግሞ የክብሪት ዕድሜ ናት። አጥፍታ ሌላውን ሰካች፣ ቦታ ቀየረች፣ መልሳ ነቀለች። ስክሪኑ ያው ነው።

"የሰው ዓይን ነው" አለች እናቷ ከወጥ ቤት። "ያቺ የላይኛዋ ሴትዮ ካርቶኑን ደረጃ ላይ ስታየው ማሻአላህ አላለችም።"

"እማዬ፣ ጫማ ነው የመሰላት።"

"ጫማም ቢሆን ማሻአላህ ይባላል።"

አባቷ አቡ ነዚህ በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን አቋርጦ መጣ። የመንግሥት መብራት በሌለ ጊዜ ቤቱ ከሰፈሩ ጄኔሬተር በገንዘብ የሚያገኘው አምስት አምፒር ብቻ ነው። ካውያና ፍሪጅ አንድ ላይ ከሠሩ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ብሬከሩ ያለው ምድር ቤት ነው፣ አሳንሰሩም የሚሠራው ሲያሻው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የአቡ ነዚህ ሥራ ይህንን አምስት አምፒር መጠበቅ ሆኗል።

"ይሄ ነገር ስንት ይበላል?"

"እንዲህ ባዶውን ምንም አይበላም፣ አባዬ።"

"ይዞራል እኮ።"

"ይዙር።"

አባቷ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሱሃ ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። እንደ እሷ የተቃጠለ የዓለም ሕዝብ እዚያ ተሰልፏል። አንዱ ዕቃ በሙሉ ቀይሮ አልሠራለትም። አንዱ በቡጢ መትቶት ሠርቶለታል። አንዱ ደግሞ "ተስፋ ቆርጬ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፣ ስመለስ በርቶ ጠበቀኝ" ይላል። ከሥሩ ሌላ ሰው ምክንያቱን ጽፎለታል፦ ይህ አዲስ ዓይነት ሚሞሪ መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ አንድ በአንድ እየሞከረ ያጠናዋል። እስኪጨርስ ድረስ ስክሪኑ ጥቁር፣ መብራቷ ቢጫ ናት። ለብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። መሐል ላይ ከጠፋ ወይም ሚሞሪው ከተነቀለ፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሱሃ ጣቶቿን አየቻቸው። ምስኪኑ ፊደል መቁጠር በጀመረ ቁጥር ደብተሩን ስትነጥቀው ነው የዋለችው።

ሚሞሪዎቹን መልሳ ሰካች፣ አበራች። "ተነስ" አለችው ሐይሰምን።

"የት?"

"ወጥ ቤት። የሙሉኪያ ወጥ ብላ። እዚህ ከተቀመጥን አንዳችን እንነካዋለን።"

እየበላች ሰዓቱን ታያለች፣ ሰዓቱን እያየች ትበላለች። አንድ ጊዜ ልትነሳ ስትል ሐይሰም እጅጌዋን ይዞ አስቀመጣት። በመጨረሻ ሄደው ሲያዩ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ማራገቢያው ቆሟል። ሰማያዊውም፣ ቢጫዋም የሉም።

"አላህ ይማረው" አለ ሐይሰም። "ፓወሩ ነው ብዬ ነበር።"

ሱሃ ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር አየች። የዲቫይደሩ ቀይ መብራት ጠፍቷል። ቀና ስትል አባቷ በኮሪደሩ እያለፈ ነው፤ ግዴታውን የተወጣ ሰው ፊት አለው።

"አባዬ፣ ይሄን ዲቫይደር አጥፍተኸዋል?"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"ምንም አያሳይማ። ሰው የለበት፣ ምስል የለበት፣ ባዶውን ይዞራል። ለማን ብሎ ነው የሚዞረው?"

"ቅድም ለሐይሰም በር ልከፍት ስወጣስ?"

"አጥፍቼዋለሁ። እናትሽ ካውያ ይዛ ነበር።"

"ስመለስ እኮ ዲቫይደሩ በርቶ ነበር።"

"ካውያው ሲያልቅ መልሼ አበራሁታ። ሰው አይደለሁም እንዴ?"

ሱሃ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። "ስንት ጊዜ?"

"ጨለማ ሆኖ ባየሁት ቁጥር።"

"ስለዚህ ፓወሩ ደህና ነው" አለ ሐይሰም።

"አንተ ዝም በል።"

ያነበበችውን ለአባቷ ነገረችው። አቡ ነዚህ አዳምጦ ሲያበቃ፣ "ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"አላወቅኩም ነበራ።"

"አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ጩኸቱ ብቻ ለእኔ ነው።"

እንደገና አበሩት። ፍሪጁ ተነቀለ፣ ካውያ በዐዋጅ ተከለከለ። አቡ ነዚህ ወንበር ተሰጥቶት ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እጆቹንም ጭኖቹ መሐል ቀበራቸው። ጸሐይ ከጎረቤት ሕንፃ ጀርባ ወደ ባሕሩ ዘመም ብላለች። ቢጫዋ በርታለች።

ያኔ ከመንገድ ላይ የልጆች ጩኸት ተሰማ፦ መብራት መጣ።

በሩ አጠገብ ካለው የመብራት እጀታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በራች። የመንግሥት መብራት ሲመጣ እጀታውን ከጄኔሬተሩ ወደ መንግሥት መገልበጥ በዚያ ቤት የአቡ ነዚህ ሥልጣን ነው። እየገለበጡት ሳለ ግን ቤቱ ለቅጽበት ይጨልማል። አቡ ነዚህ ሳያስበው ተነስቶ እጁ እጀታው ላይ አርፏል።

"አባዬ፣ እንዳትነካው።"

እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። "እኔ ባልነካውም ባለጄኔሬተሩ ቡርሃን አሁን ያጠፋዋል" አለ። እውነቱን ነው፤ መብራት ከመጣ በኋላ ናፍጣ የሚያቃጥል ጄኔሬተረኛ የለም። ሱሃ ቢጫዋን አየች። ከዜሮ ደግሞ ለመጀመር የቀራት ሰዓት አይበቃም።

አቡ ነዚህ በረንዳው ላይ ወጣ።

"ቡርሃን፣ እንዳታጠፋው።"

"አቡ ነዚህ፣ መብራት መጥቷል እኮ" አለ ቡርሃን ከታች።

"አይቻለሁ። ትንሽ ይቆይ።"

"ትናንት ናፍጣውን ከደሜ ነው የምትቀዳው ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ትናንት ትናንት ነው።"

"ነጻውን ትተህ በገንዘብ? ደህና ነህ? ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?"

አቡ ነዚህ ወደ ውስጥ ዞሮ ልጁን አያት፣ ሳጥኑን አየው። "አለ" አለ። "ኦክስጅን ላይ ነው።"

የቡርሃን ድምፅ ወዲያው ለሰለሰ። "አላህ ያሽርልህ። ማን ነው?"

"ዘመድ ነው። ከአቢጃን የመጣ።"

"በምን ታመመ?" አለች ከላይኛው በረንዳ አንዲት ሴት።

"አልታወቀም። ሐኪሙ በየደቂቃው ሐሳቡን ይቀይራል።"

ሐይሰም ሶፋው ላይ በትራስ ፊቱን ሸፈነ። ሱሃ ለመሳቅም ለመቆጣትም ጊዜ አልነበራትም። ቢጫዋ ጠፍታ ነጭ በራች፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ነጫጭ ጽሑፍ አወጣ።

"ሚሞሪው ነው አላልኩሽም?" አለ ሐይሰም።

ሱሃ ወደ እጀታው ጠቆመች። "አባዬ፣ አሁን ገልብጠው።"

አባቷ ገለበጠው። ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ስታበራው ግን ትምህርቱን አልረሳም፣ ወዲያው ተነሳ። ፕሮግራሞቹን የያዘውን ዲስክ ትናንት በሐይሰም ቤት አዘጋጅታው ስለነበር ፋይሉን ያለ ምንም መለማመጥ ከፈተችው። ግድግዳዎቹ ቆሙ፣ መስኮቶቹ ብርሃን አስገቡ። ማራገቢያዎቹ እንደ አውሮፕላን ጮኹ። የመንግሥት መብራት አምፒር አይቆጥርም፤ ችግሩ መቼ እንደሚሄድ አይናገርም። ሱሃ በመሐል ሁለት ነገር ማስተካከል ፈልጋ ነበር፤ የደረጃው ጥላ አልተዋጠላትም። ተወችው። ምስሉ እንደወጣ ላከችው። አሥራ ሁለት ሊሆን የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

መልስ ሲመጣ እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከኋላዋ ቆማለች።

"ምን አሉ?"

"ደርሶናል አሉ።"

"ሥራውን ሰጡሽ?"

"ፋይሉ ደርሶናል ነው ያሉት፣ እማዬ። ውጤቱን የሚናገሩት በሚቀጥለው ወር ነው።"

እናቷ ስክሪኑን አየች። "በሚቀጥለው ወር ለሚናገሩት" አለች፣ "ዛሬ ምን አጣደፋቸው?"

ሱሃ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።