ቡሽ የሌለው ጠርሙስ

«ምነው ዝም አልሽ? ከምድር ቤት አንድ ሁለት ጠርሙስ አውጪ እንጂ። የወይን ጠማቂ ለቅሶ ላይ ውሃ ብቻ ይቀዳል?» አሉ አክስቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጠረጴዛ ልብስም ከአባትሽ ቁም ሳጥን አምጪ።»

ልጅቱ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አየት አደረገች። ምድር ቤት የቀረው እሷ የጠመቀችው የዘንድሮ ወይን ነው፤ ቡሽ የለውም፣ በእጅ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ ክዳን ነው ያለው። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ደግሞ ከአባቷ ጋር ጠርሙስ በቡሽ ሲደፍኑ ያረጁ ናቸው። ክዳኑ ቀጭ ሲል አፍ ላፍ ገጥመው ምን እንደሚባባሉ ከወዲሁ ይሰማታል፤ «ሰውየውን የገደላቸው ይኼ ነው።»

እሷም ከቀብሩ ወዲህ ለራሷ ስትነግር የሰነበተችው ይህንኑ ነው።

አምና ቡሹ ጉድ ሠርቷቸው ነበር። ወይናቸው በቡሹ ሳቢያ እርጥብ ካርቶን ይሸታል ተብሎ ከገዢው ተመለሰ፤ እሷም ወደ ቆርቆሮ ክዳን ዞረች። አባቷ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነበሩና፣ አዲሱ የክዳን ማሽን ሲገባ በሩ ላይ ቆመው፣ «ደግ ነው፤ የሳል ሽሮፕ ጀመርሽ። በማንኪያ ነው የምንጠጣው?» አሏት።

«ቀምሰው ይፍረዱ፣ አባዬ» ብላ አንድ ጠርሙስ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወይኑ ክፉም ደግም አልተናገሩ። ቀምሰውት ይሆን? ወይስ እንደተቀየሟት ሄዱ? ፈርታ ሳትጠይቃቸው ሞት ቀደማት።

ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የጠረጴዛ ልብሱን ስትስብ እጇ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ከነጫጭ ሸሚዞቻቸው መሀል ያ ጠርሙስ ተጋድሟል። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙስ ማጋደም የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነበር፤ የሚደርቅ ነገር የሌለውንም አጋድመውታል። አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ለመፍረድ አንድ ጉንጭ ይበቃቸው ነበር፤ እሳቸው ግማሹን ጠጥተውታል። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። የቀዩ ወይን ጠብታ እንኳ አልነካቸውም።

«አይ አባዬ፣ ምን ነበረበት ቢነግሩኝ» አለች።

አክስቷ ከኋላዋ ደረሱ። «አገኘሽ? እሱኑ ቅጂላቸዋ፤ ተጀምሮ የለ?»

«ይኼ ይቆይ፣ እትዬ። ከታች ሌላ አወጣለሁ፤ ያሻቸውን ይናገሩ።»

አክስቷ የጠረጴዛ ልብሱን ይዘው ወጡ። እሷ ጠርሙሱን ወደ ሸሚዞቹ ከመመለሷ በፊት፣ እንዳያፈስ ብላ ክዳኑን ልታጠብቅ ጠመዘዘችው። አልዞር አላት። አባቷ እስከ መጨረሻው አጥብቀውታል።